«ካርጎው በ2012 ተጀመረ፣ አውሮፕላኑም ያለ አግባብ ተገዛ» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ስለ ኢትዮጵያ አየር መንገድ የጭነት ክፍል ሰሞኑን የወጣ አንድ ጽሑፍ ብዙ ሰው እየተቀባበለው ነው። ሲጨመቅ ይህን ይላል፦ የጭነት ሥራው የተጀመረው በ2012 ቦይንግ 777 የጭነት አውሮፕላን (777ኤፍ) ሲገባ ነው። በዚያ ገንዘብ ያገለገሉ 747ዎች ቢገዙ እጥፍ ጭነት ይነሣ ነበር። እያንዳንዱ 777ኤፍ 102 ቶን መያዝ እየቻለ ከቦሌ ጎዶሎ ይነሣል። ለአበባውም ለሥጋውም የመንገደኛ አውሮፕላን ሆድ (ከመንገደኞቹ ወለል ሥር ያለው የጭነት ክፍል) ይበቃል፤ ካልበቃም በኮቪድ ጊዜ እንደተደረገው ወንበር መንቀል፣ ወይም በአሮጌ 767 ጎን ላይ በር መቅደድ ይቻላል። የካርጎ ተርሚናሉም አንድ ሚሊዮን ቶን ይችላል ተብሎ ያን ያህል አላስተናገደም። በመጨረሻም ጸሐፊው ድርጅቱ በአንድ አምራች ላይ ተንጠልጥሏል ይላሉ።

የመጨረሻው ነጥብ ትክክል ነው። የተርሚናሉ ነገር ግማሽ እውነት አለው። የቀሩት ግን የአምራቹን መግለጫ ወረቀት ብቻ አንብቦ የተጻፈ ስሌት ናቸው፤ አውሮፕላኑ ከየት እንደሚነሣና ምን እንደሚጭን የሚጠይቅ አንድም አንቀጽ የለም። በዚህ ምላሽ ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

«ሥራው የተጀመረው በ2012 ነው»

አየር መንገዱ ሚያዝያ 8 ቀን 1946 በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን በረራ ሲያደርግ የነበሩት አውሮፕላኖች ከጦርነት የተረፉ ሲ-47ዎች፣ ማለትም የዲሲ-3 ወታደራዊ ዝርያዎች ነበሩ። መቀመጫቸው በሁለቱ ጎን ግድግዳ ላይ የሚታጠፍ አግዳሚ ሲሆን መሐሉ ለጭነት ክፍት ነበር። ሰውና ዕቃ በአንድ ወለል ይጓዙ ነበር ማለት ነው። የመኪና መንገድ ባልደረሰበት አገር ይህ ምቾትን የማያውቅ አደረጃጀት ትክክለኛው አደረጃጀት ነበር።

በ1968 ቦይንግ 707-320ሲ ገባ። «ሲ» የምትለው ፊደል የምታመለክተው ከመንገደኛ ወደ ጭነት፣ ከጭነት ወደ መንገደኛ የሚለዋወጥ መሆኑን ነው፦ ከፊት በግራ በኩል ትልቅ የጭነት በር፣ ጠንካራ ወለል፣ እስከ 13 ፓሌት (ጭነት ተደርድሮ በመረብ የሚታሰርበት ሰፊ የብረት ሰሌዳ) የሚይዝ ቦታ። በኅዳር 1977 ሮም አጠገብ የወደቀው የድርጅቱ 707 በጭነት በረራ ላይ ነበር። ካርጎው በ2012 ተወለደ የሚል ሰው ይህንን አደጋ የት ያስቀምጠዋል?

በ1980ዎቹ መጨረሻ ኤል-100-30 መጣ፤ የሲ-130 ሄርኩለስ የሲቪል ዝርያ ነው። ወደ 23 ቶን ያነሣል። ዋናው ጥቅሙ ግን ክብደቱ ላይ አይደለም። ከኋላ የሚወርደው መወጣጫ በጭነት መኪና ወለል ቁመት ስለሚቆም ማንሻ መሣሪያ በሌለበት፣ አስፋልት ባልለበሰ ሜዳ ላይ ጭምር ማራገፍ ይቻላል። እንደ 707 ያለ የጭነት ጄት ግን ወለሉ ከመሬት ብዙ ሜትር ከፍ ስለሚል ሃይ ሎደር (ፓሌትን እስከ አውሮፕላኑ ወለል ከፍ የሚያደርግ ማንሻ) የሌለበት ሜዳ ላይ ቢያርፍ ጭነቱን ይዞ ከመመለስ ሌላ ምርጫ የለውም።

በ1990 ደግሞ ከፋብሪካ ለጭነት ብቻ የተሠራ 757 ገባ። ይህ ዓይነት በጠቅላላው 80 ብቻ ነው የተሠራው፤ 75ቱን የአሜሪካው የጥቅል አመላላሽ ድርጅት ዩፒኤስ ወሰደ፤ ከቀሩት አምስቱ አንዱ የኢትዮጵያ ነበር። መስኮት የለውም፣ በዋናው ወለል 15 ፓሌት ይይዛል፣ ክንፉና ሞተሩ ለክብደቱ ጠንካራ ስለሆኑ ለከፍታ ቦታ የሚመች አውሮፕላን ነው። ከዚያ 777ኤፍ እስኪገባ ድረስ ባሉት ዓመታት ባለ ሦስት ሞተር ኤምዲ-11 ከባዱን ጭነት ተሸከመ። መስከረም 2012 የመጣው 777ኤፍ ይህን ሁሉ ተከትሎ ነው። በአፍሪካ የመጀመሪያው 777ኤፍ መሆኑ እውነት ነው፤ ስሕተቱም ምናልባት ከዚያ የመጣ ይሆናል።

«በዚያ ገንዘብ ያገለገሉ 747ዎች እጥፍ ጭነት ያነሡ ነበር»

«እጥፍ» የሚለው ከየት እንደመጣ አልገባንም። ከፋብሪካ ለጭነት የተሠራው 747-400ኤፍ ወደ 112 ቶን ያነሣል፤ 777ኤፍ ወደ 102 ቶን። ልዩነቱ 10 ቶን ነው። ከመንገደኛ የተቀየረው 747-400 ደግሞ ከዚያም ያንሳል፤ አፍንጫው ላይ የሚከፈተው በርም የለውም። ያ በር ነው ለረጃጅም ቧንቧና ለቁፋሮ ዕቃ 747ን ተፈላጊ የሚያደርገው። ርካሽ ተብሎ የሚሸጠው አብዛኛውን ጊዜ የተቀየረው ነው።

ነዳጁን እንይ። 747-400ኤፍ ጭኖ ሲበር በሰዓት ወደ 10 ቶን፣ 777ኤፍ ወደ 7 ቶን ያቃጥላል። በዓመት 4,000 ሰዓት የሚበር አውሮፕላን ላይ ይህ 12,000 ቶን ነዳጅ ነው፤ ለአንድ አውሮፕላን፣ በየዓመቱ። የግዢ ዋጋ ልዩነቱን የሚበላው ይህ ነው። የሚያስገርመው ደግሞ አመክንዮው በዓመት 1,500 ሰዓት ብቻ ለሚበር ኩባንያ ይገለበጣል፦ የነዳጁ ልዩነት ወደ 4,500 ቶን ይወርዳል፣ ያገለገለው አውሮፕላንም ያዋጣል። ስለዚህ «አሮጌ ይሻላል» ወይስ «አዲስ ይሻላል» የሚለው ጥያቄ ያለ በረራ ሰዓት መልስ የለውም፤ ጽሑፉ ውስጥ የበረራ ሰዓት የሚባል ነገር አንድም ቦታ አልተጠቀሰም።

ሌላው የታለፈው ነገር ዝምድና ነው። አየር መንገዱ በኅዳር 2010 777-200ኤልአር የመንገደኛ አውሮፕላን ተረክቦ ነበር። 777ኤፍ ከዚያው አውሮፕላን ክንፍና አካል የተወለደ ሲሆን ሞተሩም የዚያው የጂኢ90-110 ቤተሰብ ነው። ይህ በተግባር ሲተረጎም፦ አንድ መጠባበቂያ ሞተር ለሁለቱም ይሆናል፤ የ777 ፈቃድ ያለው አብራሪ አጭር የልዩነት ሥልጠና ወስዶ ወደ ጭነቱ ይዛወራል፤ መካኒኩ አዲስ የዓይነት ፈቃድ አያስፈልገውም፤ ጎማው፣ ፍሬኑ፣ የኤሌክትሮኒክስ ሣጥኑ ከአንድ መደርደሪያ ይወጣል። 747 ሲገባ ግን ሲሙሌተሩም፣ ልዩ መፍቻውም፣ መለዋወጫውም፣ የአብራሪ ቡድኑም ከዜሮ ይጀመራል። በዚያ ላይ ሃያ ዓመት ያለፈው አካል ለከባድ ጥገና ሲገባ ከወለሉ ሥር ምን ያህል ዝገት እንደሚገኝ ፓነሉ እስኪነሣ ማንም አያውቅም፤ የጥገናው ቀን የሚረዝመውና በጀቱ የሚፈነዳውም እዚያ ላይ ነው።

«102 ቶን መያዝ እየቻለ ከቦሌ ጎዶሎ ይነሣል»

ከጽሑፉ ሁሉ ሰው ያሳሳተው ነጥብ ይህ ስለሆነ ሰፋ አድርገን እንመልከተው።

መጀመሪያ 102 ቶኑ የደንበኛ ዕቃ ብቻ አይደለም። ፓሌቱና መረቡ እዚያ ውስጥ ይቆጠራሉ። 777ኤፍ በዋናው ወለል 27፣ በታች 10፣ በድምሩ 37 ፓሌት ይወስዳል። አንዱ ከነመረቡ በአማካይ 120 ኪሎ ቢይዝ ከ4.4 ቶን በላይ የሄደው ለባዶ ብረትና ገመድ ነው።

ሁለተኛ፣ አበባ ቦታ ይበላል እንጂ አይከብድም። የ777ኤፍ የጭነት ቦታ 653 ሜትር ኩብ ገደማ ነው። 102 ቶንን ለዚያ ብናካፍል በሜትር ኩብ 156 ኪሎ ይወጣል፤ ከዚህ የቀለለ ጭነት ከሆነ ክብደቱ ሳይሞላ ቦታው ይሞላል። ለምሳሌ የላይኞቹ 27 ፓሌቶች እያንዳንዳቸው 2.8 ቶን፣ የታችኞቹ 10 ደግሞ 1.5 ቶን ቢመዝኑ ድምሩ 90.6 ቶን ነው። አንድ ካርቶን የሚገባበት ቦታ የሌለው አውሮፕላን በወረቀት ላይ «ጎዶሎ» ሆኖ ይታያል። የጭነት ታሪፍም ለዚህ ነው በኪሎ ብቻ የማይሰላው፤ 6,000 ሴንቲ ሜትር ኩብ እንደ አንድ ኪሎ ተቆጥሮ ከሁለቱ የበለጠው ይከፈላል።

ሦስተኛው ቦሌ ራሱ ነው። አውሮፕላን ማረፊያው ከባሕር ጠለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ይገኛል። ሌሊት 10 ዲግሪ ላይ የአየሩ እፍጋት ከባሕር ጠለል መደበኛ አየር 77 በመቶ ገደማ ነው፤ ቀን 25 ዲግሪ ሲደርስ ወደ 73 በመቶ ይወርዳል። ከዚህ አራት ነገር ይከተላል።

ክንፉ ያንኑ ክብደት ለማንሣት ከባሕር ጠለል ይልቅ ከ14 እስከ 17 በመቶ በፈጠነ እውነተኛ ፍጥነት መሮጥ አለበት። የአብራሪው መለኪያ ላይ 170 ኖት (የአውሮፕላን ፍጥነት መለኪያ) ሲነበብ ጎማው በቀትር መሬት ላይ ወደ 199 ኖት ይሽከረከራል። የዚህ ክፍል አውሮፕላኖች ጎማ በተለምዶ የሚፈቀድለት በሰዓት 235 ማይል፣ ማለትም 204 ኖት ነው። ከኋላ ትንሽ ነፋስ ከመጣ ገደቡ ላይ ደረሰ ማለት ነው። ሞተሩ ጥሩ፣ ማኮብኮቢያው ረጅም ሆኖ ሳለ ጎማው ብቻውን ክብደት ያስቀንሳል።

ፍሬኑ ሁለተኛው ነው። በውሳኔ ፍጥነት (መነሣትን ለመሰረዝ የመጨረሻው ፍጥነት) ላይ ሞተር ጠፍቶ መነሣቱ ቢሰረዝ ፍሬኑ የሚውጠው ጉልበት በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ በዚያው ክብደት ከባሕር ጠለል በሲሶ ያህል ይበልጣል። ፍሬን ከአቅሙ በላይ ሲግል የጎማው የደኅንነት ቡሽ ቀልጦ አየሩን ያስወጣል፤ እሳትም ሊከተል ይችላል።

የሞተሩ ግፊት በቀጭን አየር ይቀንሳል፤ ማኮብኮቢያውን የሚያረዝመውም ይኸው ነው። የቦሌ ማኮብኮቢያዎች 3,800 እና 3,700 ሜትር ናቸው። ለባሕር ዳርቻ ከተማ ይህ ቅንጦት ሊባል ይችላል፤ እዚህ ግን ቅንጦት የለውም።

የመጨረሻውና ብዙ ጊዜ ወሳኙ፣ ከተነሣ በኋላ በአንድ ሞተር መውጣት ነው። ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን ጎማውን አጥፎ አንድ ሞተር ጠፍቶበት ቢያንስ 2.4 በመቶ ዳገት መውጣት እንዲችል ደንቡ ያስገድዳል። በ100 ሜትር 2.4 ሜትር እንደማለት ነው። በተራራ በተከበበ ከተማ ላይ ደግሞ የመውጫ መሥመሩ ላይ ያለ እያንዳንዱ ኮረብታ የራሱን ተጨማሪ ይጠይቃል። እዚህ ላይ ለ747 ተከራካሪዎች አንድ ነጥብ እንሰጣለን፦ አራት ሞተር ያለው አንድ ሲያጣ የሚያጣው ሩብ ነው፣ ሁለት ያለው ግን ግማሽ።

አሁን ወደ ሒሳቡ። 777ኤፍ ባዶውን 144 ቶን ገደማ ነው። 102 ቶን ጭነት ሲጨመር 246። ከአዲስ አበባ ቤልጅግ ውስጥ እስካለችው ሊዬዥ ወደ 5,600 ኪሎ ሜትር፣ ከሰባት ሰዓት በላይ ነው፤ ለጉዞው 50 ቶን፣ ለመጠባበቂያ 10 ቶን ነዳጅ ብንይዝ የመነሻ ክብደቱ 306 ቶን ይሆናል። የአውሮፕላኑ መዋቅራዊ ጣሪያ 347 ቶን ስለሆነ ወረቀት ላይ 41 ቶን ይተርፋል። ግን በዚያ ሰዓት፣ በዚያ ሙቀት፣ በዚያ ነፋስ የመነሻ ገደቡ 290 ቶን ነው ቢባል 16 ቶን መሬት ላይ ይቀራል። ከነዳጁ መቀነስ ስለማይቻል የሚቀነሰው ጭነቱ ነው። (290 የሚለው ለማስረዳት የወሰድነው ቁጥር ነው፤ ትክክለኛው በየበረራው ይሰላል።)

የጭነት በረራ ማታና ሌሊት የሚበዛውም ያለ ምክንያት አይደለም። አየሩ ሲቀዘቅዝ ገደቡ ከፍ ይላል፤ ቀን የተቆረጠው አበባም ከዝዋይ፣ ከሆለታ፣ ከቆቃ በቀዝቃዛ መኪና ገብቶ ፓሌት ላይ የሚደረደርበት ጊዜ ያገኛል። ሌሎች ዘዴዎችም አሉ፦ ከሞተሩ ለካቢን አየር የሚሳበውን ዘግቶ መነሣት፣ የፍላፑን (ከክንፉ ኋላ የሚዘረጋውን ክፍል) መጠን መምረጥ፣ ቅርብ ተለዋጭ ማረፊያ ይዞ መጠባበቂያ ነዳጁን መቀነስ፣ ወይም ዝቅ ያለ ቦታ ላይ አርፎ ነዳጅ መሙላት። የመጨረሻው አንድ የማረፊያ ክፍያ፣ አንድ መነሣትና አንድ ሰዓት በላይ ስለሚጨምር ለአበባ አይወደድም።

በተቃራኒው አቅጣጫ ያው አውሮፕላን ከሊዬዥ ወይም ከቻይና የባሕር ዳርቻ ሲነሣ ሙሉውን ይጭናል። እንግዲህ አንዱን አቅጣጫ ብቻ አይቶ «ጎዶሎ» ማለት አይቻልም። ቢሾፍቱ አጠገብ አቡሴራ ላይ የታቀደው አዲስ አውሮፕላን ማረፊያ ከቦሌ ዝቅ ያለ መሬት ላይ መሆኑ ለካርጎ ያለው ትርጉም ይኸው ነው፤ ጸሐፊው ይህንን ቢያነሡት ኖሮ ጽሑፋቸው በጠነከረ ነበር።

«የመንገደኛ አውሮፕላን ሆድ ይበቃል»

የሆድ ቦታ ከሁሉ የረከሰው ነው፤ ነዳጁን መንገደኛው ከፍሎታልና። የትኛውም የካርጎ ክፍል መጀመሪያ የሚሞላው እሱን ነው። ይሁንና የታችኛው ክፍል ቁመት 160 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን የ777ኤፍ ዋና ወለል 3 ሜትር የሚደርስ ፓሌት ይቀበላል። የአውሮፕላን ሞተር፣ ማሽን፣ መኪና፣ ፈረስ በሆድ አይሄዱም። ከመጋቢት 2016 ማብቂያ ወዲህ ደግሞ ለብቻቸው የታሸጉ የሊቲየም አዮን ባትሪዎች (ዩኤን 3480) በመንገደኛ አውሮፕላን እንዳይጫኑ በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ታግደዋል። ከቻይና ወደ አፍሪካ የሚጫነውን ዕቃ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

አበባ ላይ ሌላ ችግር አለ። መንገደኛ አውሮፕላን የሚሄደው መንገደኛ ወዳለበት ነው፤ ሊዬዥ ግን የካርጎ ከተማ ናት፤ ከዚያ መኪና ወደ ኔዘርላንድሱ የአልስሜር የአበባ ጨረታ ይነሣል። ደግሞም የፍቅረኞች ቀንና የእናቶች ቀን ሲቃረብ ጭነቱ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ያብጣል፤ ሻንጣው ግን አይቀንስም። ከ2 እስከ 4 ዲግሪ መቆየት ያለበት ጽጌረዳ «ለነገው በረራ» ተብሎ ሲገፋ የሚያጣው ቀን ከአበባ ማስቀመጫው ዕድሜ የሚቀነስ ነው።

ሥጋው ላይ ጸሐፊው ወደ እውነቱ ይጠጋሉ። ጅዳ 1,400 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነች የሚያስፈልገው ነዳጅ ጥቂት ነው፤ የከፍታው ቅጣትም ይቀልላል። ለዚህ መሥመር ሆዱም፣ እስከ 24 ቶን የሚያነሣው የተቀየረ 737-800ም ይሠራሉ፤ 777ኤፍ እዚያ መላክ ብክነት ነው። ድርጅቱም 737ቱን የያዘው ለእንዲህ ያለው አጭር መሥመር ነው።

«በኮቪድ ጊዜ ወንበር ነቅለን ጭነናል»

እውነት ነው፤ በ2020 ወደ 25 የሚሆኑ የመንገደኛ አውሮፕላኖች ጭነት እንዲይዙ ተደርገዋል። በመጋቢት 2020 የቻይናው ባለሀብት ጃክ ማ ለአፍሪካ አገሮች የለገሱት 5.4 ሚሊዮን ጭምብል አዲስ አበባ ገብቶ ከዚህ ነው የተከፋፈለው፤ በሚያዝያም የዓለም የምግብ ፕሮግራም ቦሌ ላይ የሰብአዊ እርዳታ ማዕከሉን ከፈተ። ግን ይህ የሠራው ሦስት ነገሮች በአንድ ጊዜ ስለተገጣጠሙ ነው፦ አውሮፕላኖቹ ያለ ሥራ ቆመው ነበር፣ የማጓጓዣ ዋጋ ጣሪያ ነክቶ ነበር፣ ዕቃው ደግሞ ቀላልና አደጋ የሌለው ጭምብል ነበር።

ካቢን ውስጥ ፓሌት አይገባም። የ777 የመንገደኛ በር ወርዱ 1.07 ሜትር ነው። እያንዳንዱ ካርቶን በእጅ ተላልፎ፣ ወለሉ በሚችለው ክብደት ልክ ተደርድሮ፣ ከወንበር ሐዲዱ ጋር በመረብ ይታሰራል። 777ኤፍ በሃይ ሎደርና በወለሉ ሮለር ሁለት ሰዓት ገደማ ውስጥ የሚጫነው፣ እዚህ ብዙ ሰው ተሰልፎበት ግማሽ ቀን ሊፈጅ ይችላል። እሳት ላይ ደግሞ የጭነት አውሮፕላን ዋና ወለል የጭስ መቆጣጠሪያ አለው፤ ጭስ ሲታይ አየር ማስገቢያው ተዘግቶ የውስጡ ግፊት ይለቀቅና እሳቱ በኦክስጅን እጦት ይታፈናል። ካቢን እንዲህ አልተሠራም፤ ሠራተኛ ማጥፊያ ይዞ ይጠብቃል። የአውሮፓ የአቪዬሽን ደኅንነት ባለሥልጣንም በካቢን ጭነት ለመያዝ የሰጠውን ልዩ ፈቃድ በሐምሌ 2022 ማብቂያ ላይ አቋርጦታል።

በ2020 ጁላይ 22 ቀን ሻንጋይ ላይ ጭነት ሲጫንበት የድርጅቱ አንድ 777ኤፍ በእሳት መውደሙም ይታወሳል። ለሳኦ ፓውሎና ለሳንቲያጎ የታሰበ በረራ ነበር። ወንበር የተነቀለበት አውሮፕላን የዚያን አንድ አውሮፕላን ቦታ ይተካል ብሎ ማሰብ ከላይ ያለውን የበር ስፋት መርሳት ነው።

«አሮጌ 767 ላይ በር መቅደድ ቀላል ነው»

በሩ የሥራው ትንሹ ክፍል ነው። አውሮፕላኑ መጀመሪያ ለከባድ ጥገና ይገባል፤ ዝገት ያለበትን አካል ቀይሮ መሸጥ ትርፍ የለውምና። ውስጡ ሙሉ በሙሉ ይራቆታል። ከዚያ አካሉ በጃክና በድጋፍ ተይዞ ክብደቱ እኩል እስኪከፋፈል ይስተካከላል። ይህ ደረጃ ከተቻኮለ 3.4 በ2.6 ሜትር የሚሆነው ቀዳዳ ሲከፈት አካሉ በጥቂት ሚሊ ሜትር ይጣመማል፤ በሩ በኋላ አይገጥምም፣ ቢገጥምም ግፊት ያፈስሳል። በቀዳዳው ዙሪያ ያለው አጥንት በወፍራም ይተካል፤ የወለል ተሸካሚዎቹ ይቀየራሉ፤ መስኮቶቹ በብረት ይደፈናሉ፤ ከአብራሪዎቹ ኋላ በ9 እጥፍ የመሬት ስበት የሚገፋ ጭነትን የሚያቆም ግድግዳ ይቆማል፤ ሮለር፣ መቆለፊያ፣ የጭስ መመርመሪያ ይገጠማል። በመጨረሻ አውሮፕላኑ ተመዝኖ የሚዛን ሰነዱ እንደ አዲስ ይጻፋል። ወራት የሚወስድ ሥራ ነው፤ ያለ ተጨማሪ የዓይነት ማረጋገጫ ሰነድም አይበርም። አየር መንገዱ በ2021 ከእስራኤል ኤሮስፔስ ኢንዱስትሪዎች ጋር አዲስ አበባ ላይ የ767 መቀየሪያ ለማቋቋም የተስማማው ሥራው ቀላል ስለሆነ ሳይሆን የራሱ 767ዎችና የራሱ የጥገና ሃንጋር ስላሉት ነው።

የተቀየረ 767 ከ50 ቶን በላይ ያነሣል፤ ለመካከለኛ መሥመር ደግ አውሮፕላን ነው። ከ777ኤፍ ጋር ሲቀናጅ ግን አንድ ራስ ምታት አለው፦ ከሻንጋይ 3 ሜትር ቁመት ተሠርቶ የመጣ ፓሌት በ767 በር አያልፍም። ለሌጎስ ሊሄድ የመጣው ዕቃ ቦሌ ላይ ፈርሶ በአጭር ቁመት እንደገና ይሠራል፤ የሚጠፋ ካርቶንና የሚበላሽ ዕቃም በብዛት የሚገኘው እዚህ መሐል ነው። መፍትሔው መነሻው ላይ ነው፤ በ767 የሚቀጥለው ዕቃ ከመጀመሪያው በዝቅተኛው ልክ እንዲሠራ ማዘዝ።

«ተርሚናሉ አንድ ሚሊዮን ቶን አላስተናገደም»

በ2017 የተከፈተው ሁለተኛው ተርሚናል 600,000 ቶን ገደማ፣ ከቀድሞው ጋር በድምሩ አንድ ሚሊዮን ገደማ ተብሎ ነው የታቀደው። አቅምና ክንውን አንድ አለመሆናቸው ልክ ነው፤ ማስታወቂያዎቹም ሁለቱን ሲያቀላቅሉ ይታያሉ። ግን ጸሐፊው ያነጻጸሩት ከበረራ ቶን ጋር ነው። ተላላፊ ዕቃ (ከአንድ አውሮፕላን ወርዶ በሌላ የሚቀጥል) መጋዘን ሲገባ አንዴ፣ ሲወጣ አንዴ ይቆጠራል። በዚያ ላይ ተርሚናል የሚሠራው ለዓመት አማካይ ሳይሆን ለከባዱ ሰዓት ነው፦ አበባው ሁሉ በአንድ ምሽት ሲገባ ቀዝቃዛው ክፍል ካልበቃ፣ ቀን ባዶ የሚውለው መጋዘን ምንም አይጠቅምም።

«በአንድ አምራች ላይ ተንጠልጥሏል»

እዚህ ላይ ተቃውሞ የለንም፤ እንዲያውም ጸሐፊው ለስለስ አድርገውታል። አየር መንገዱ በመጋቢት 2022 ለአምስት 777-8 የጭነት አውሮፕላኖች የመግባቢያ ሰነድ ፈርሟል። መጀመሪያ በ2027 ይደርሳል የተባለው አውሮፕላን ቀኑ ወደ ኋላ ተገፍቷል። በሌላ በኩል የዓለም አቀፉ የካርቦን ልቀት ደንብ ከ2028 መጀመሪያ አንሥቶ መስፈርቱን ያላሟሉ አውሮፕላኖች እንዳይመረቱ ይላል፤ የአሁኑ 777ኤፍ ደግሞ አያሟላም። በሁለቱ መሐል ክፍተት አለ።

ክፍተቱን ሊሞላ የሚችል አንድ መንገድ ከመንገደኛ የሚቀየረው 777-300ኢአር ነው። 47 ፓሌት ይይዛል፤ ከ777ኤፍ በ10 ይበልጣል። የሚያነሣው ክብደት ግን ወደ 101 ቶን፣ ማለትም ተመሳሳይ ነው። ቦታ ለሚበላው አበባ ይህ የተሻለ ይመስላል፤ አየር መንገዱም ዓይነቱን በመንገደኛ በኩል ያውቀዋል። ይሁን እንጂ ረጅም አካል ስለሆነ ባዶ ክብደቱ ከ777ኤፍ ይበልጣል፤ ከቦሌ ሲነሣ ደግሞ እያንዳንዱ ተጨማሪ የብረት ቶን ከጭነቱ ላይ ይቀነሳል። አሥሩ ተጨማሪ ፓሌት በቀዝቃዛ ሌሊት ስንቱ ሞልቶ እንደሚነሣ፣ በቀትር ደግሞ ስንቱ ባዶ እንደሚቀር በቦሌ ሙቀትና ነፋስ ተሰልቶ ቢቀርብ፣ ክርክሩ ከዚያ ሊቀጥል ይችላል።